በአፍ የተያዘ አደራ

ለውሻ ሥጋ አደራ ሰጥቶ መሄድ በእኛ አገር የሞኝ ሥራ ነው። ውሻ ደጅ ይጠብቃል፣ በበላበት ይጮኻል፣ ጌታውን ይወዳል፤ ሥጋና ውሻ በተገናኙበት ሥፍራ ግን ፍቅርም ሆነ ውለታ ብዙ አይሠራም። ይሁን እንጂ ገና ሙቀቱ ያልወጣለትን፣ ደሙ ያልረጋውን ወፍ በአፉ ይዞ፣ ወንዝ ዋኝቶና ቁጥቋጦ ሰንጥቆ፣ አንዲት አጥንት ሳይሰብር ለሰው እጅ የሚያስረክብ የውሻ ወገን አለ። እንግሊዞች ሪትሪቨር ይሉታል፤ ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ መልሶ የሚያመጣ ማለት ነው። ተርቦም ቢሆን ያመጣል። ማንም በማያየው ጥሻ ውስጥ ብቻውን ሆኖም ያመጣል። እንግዲህ ይህ ጠባይ ከየት መጣ? ማንስ አስተማረው? የዛሬው ጽሑፌ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

አንባቢዬ እንዳይሳሳቱ አስቀድሜ ልናገር። እኔ አዳኝ አይደለሁም፤ ጠመንጃም ተኩሼ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ በመስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር የባንክ ጸሐፊ ነኝ፤ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም እሞክራለሁ። ወደዚህ ታሪክ የሳበኝ አንድ መዝገብ ነው። መዝገቡ በስኮትላንድ ተራሮች መካከል ተጽፎ ለብዙ ዓመታት ሳይታይ የኖረ ሲሆን፣ በተገለጠ ጊዜ ዓለም ያመነውን ተረት ገልብጦታል። ወደ እርሱ እመለሳለሁ። (ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከውሻው ሳይሆን ከጠመንጃው ነው። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን አዳኞች የሚይዙት ባለ ባልጩት ጠመንጃ ቃታው ሲሳብ ባልጩቱ ከብረት ይጋጫል፣ ብልጭታው በውጭ በኩል በተነሰነሰው ባሩድ ላይ ይወድቃል፣ ጭስና ነበልባል ብልጭ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ጥይት የሚወጣው። በብልጭታውና በጥይቱ መካከል ያለችው ቅጽበት ለሰው ምንም ናት፤ ለወፍ ግን ሕይወት ናት። ዳክዬ ብልጭታውን አይታ ውኃ ውስጥ ትጠልቃለች። በስኮትላንድ ቤልሄልቪ በምትባል ደብር ያገለግሉ የነበሩት ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይዝ ወፍ ማደን የሚወዱ ሰው ነበሩና ይህ ነገር ዕረፍት ነሳቸው። ሲመታ የሚፈነዳ ኬሚካል በመጠቀም ባልጩቱን የሚተካ መሣሪያ ሠርተው በ1807 የፈጠራ መብታቸውን አስመዘገቡ። የዓለምን ጦር መሣሪያ የለወጠው ፈጠራ የመነጨው ከአንድ ቄስና ከጥቂት ብልኅ ወፎች ጠብ መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ከፓሪስ ነው። ካዚሚር ለፎሾ የተባሉት ጠመንጃ ሠሪ ከኋላ የሚጎርስ ባለ ቀለህ የአደን ጠመንጃ ሠርተው ነበርና፣ በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ በታየ ጊዜ የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪዎች ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ ባሩድና እርሳስ በአፈ ሙዝ እየጠቀጠቁ መቆም ቀረ። ባለጸጋው አዳኝ በአንድ ሥፍራ ይቆማል፤ የመንደሩ ሰዎች በመስመር ተሰልፈው ጥሻውን እየደበደቡ ወፎቹን ወደ እርሱ ያበርራሉ፤ ከጎኑ የቆመ አገልጋይ ደግሞ ሁለተኛውን ጠመንጃ አጉርሶ ያቀብለዋል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ወፍ ይወድቃል።

በዚህ ጊዜ የጥንቶቹ የአደን ውሾች ሥራ ፈቱ። ፖይንተርና ሴተር የሚባሉት ወገኖች ተግባራቸው በሕይወት ያለውን ወፍ በሽታ ማግኘትና ቀጥ ብሎ በመቆም ማመልከት ነበር፤ ሥራቸው ጥይቱ ሲተኮስ ያልቃል። አሁን ግን ሥራው ከተኩስ በኋላ ሆነ። የወደቀው ወፍ በሰፊ ሜዳ፣ በረግረግና በጫካ ውስጥ ተበትኗል። ከዚያም የከፋው ያልሞተው ነው፤ ክንፉ የተሰበረ ፌዛንት በእግሩ እየሮጠ ሩቅ ተጉዞ ቁጥቋጦ ሥር ይሸሸጋል፣ ካልተገኘም በሥቃይ ሲማቅቅ ያድራል። ሪትሪቨር የተፈለገው ለዚህ ነው። እኔ በአደን ነገር ልቤ ሁለት ሆኖ ይኖራል፤ ይህንን ክፍል ሳነብ ግን ከጠመንጃው ይልቅ ውሻው ለወፉ የቀረበ መሰለኝ።

ውሻው የተገኘው በሌላ ባሕር ማዶ፣ በሌላ ሥራ ላይ ነው። ዛሬ የካናዳ አካል በሆነችው በኒውፋውንድላንድ ደሴት፣ በሴንት ጆንስ አካባቢ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ጥቁር፣ ፀጉረ አጭር፣ ደረቱና መዳፉ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ውሻ ነበራቸው። ከመንጠቆ ያመለጠውን ዓሣ ከቀዝቃዛው ባሕር ዘልሎ ያወጣል፣ የመረቡን ገመድ ከጀልባ ወደ ጀልባ በአፉ ያደርሳል። ጨው የተነሰነሰበት የኮድ ዓሣ ይዘው ወደ እንግሊዟ የፑል ወደብ የሚመጡ መርከቦች እነዚህን ውሾችም ይዘው ይመጡ ነበር። ኮሎኔል ፒተር ሆከር የተባሉ ስመ ጥር አዳኝ በ1814 ባሳተሙት የአደን መጽሐፍ ስለዚሁ ውሻ ጽፈዋል። ከፑል አጠገብ ርስት የነበራቸው የማልምስበሪ ኧርሎችም ገዝተው ማርባት ያዙ፤ የኒውፋውንድላንዱን ውሻ ላብራዶር ብለው በጎረቤቱ ምድር ስም ጠሩት፣ ስሕተቱም ስም ሆኖ ቀረ። በስኮትላንድ ደግሞ የባክሉው መስፍን ቤት በበኩሉ ያረባ ነበር። በ1880ዎቹ ከማልምስበሪ ቤት ኔድና ኤቨን የተባሉ ሁለት ወንድ ውሾች ለባክሉው ቤት ተሰጡ። የዛሬው ላብራዶር ሪትሪቨር የዘር ሐረጉን ሲቆጥር እነዚህን ሁለቱን እንደ አባቶች ያነሣል።

የትውልድ አገሩ ውሻ ግን መጨረሻው አላማረም። የኒውፋውንድላንድ ገዥ በ1780 አንድ ቤተሰብ ከአንድ ውሻ በላይ እንዳይኖረው አዘዙ። በ1885 ደግሞ በግ ርቢን ለማበረታታት ሲባል ወረዳዎች ውሻን መከልከል የሚችሉበት ሕግ ወጣ። የእንግሊዝ መኳንንት በልጅ ልጆቹ በሚኮሩበት ዘመን የዓሣ አጥማጁ ውሻ በቀረጥና በሕግ እየመነመነ ሄደ። አሜሪካዊው ጸሐፊ ሪቻርድ ዎልተርስ በ1980 አካባቢ ፍለጋ በወጡ ጊዜ ግራንድ ብሩይ በምትባል ሩቅ የዓሣ አጥማጆች መንደር ሁለት ሽማግሌ ውሾች ብቻ አገኙ። ፎቶግራፋቸው አለ። ሁለቱም ወንዶች ነበሩ።

አሁን ወደ መዝገቡ።

ደድሊ ኩትስ ማርጆሪባንክስ በኋላ በ1881 ባሮን ትዊድማውዝ የተባሉት ሰው ናቸው። አባታቸው በለንደን የታወቀው የኩትስ ባንክ ከፍተኛ ሸሪክ ነበሩ፤ የመካከለኛ ስማቸው የባንኩ ስም መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። ልጅየው ራሳቸው የከበሩት በቢራ ጠመቃ ነው። በስኮትላንድ ሰሜናዊ ተራሮች ጊሳካን የምትባል ርስት ገዝተው ውሻ ማርባት ጀመሩ፤ የባንክ ቤት ደም ስላለባቸው ይመስለኛል፣ እያንዳንዷን ውሻ በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር። ስም፣ የትውልድ ወር፣ አባት፣ እናት፣ ከማን እንደተገኘ፣ ለማን እንደተሰጠ። ከዚህ ያለፈ ማጌጫ የለውም።

በ1865 በብራይተን ከተማ አንድ ወጣት ውሻ ገዙ። ወላጆቹ ጥቁር፣ ወንድሞቹና እኅቶቹ ጥቁር፤ እርሱ ብቻ ቢጫ። የተረከቡት ከአንድ ጫማ ሰፊ ነው፣ ጫማ ሰፊውም ውሻውን ያገኘው በዕዳ ክፍያ ነው ይባላል። (ዕዳ በውሻ የከፈለ ደንበኛ እኔ አላጋጠመኝም።) ስሙን ኑስ አሉት፤ በግሪክ ቋንቋ ልቡና ማለት ነው። ከሁለት ጥቁሮች ቢጫ መወለዱ በዚያን ዘመን ምሥጢር ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ቢጫው ቀለም በሁለቱም ወላጆች ደም ውስጥ ተሸሽጎ የሚጓዝ፣ ከአባትም ከእናትም ሲወረስ ብቻ የሚገለጥ ነው።

ኑስ ቤል ከምትባል ሴት ውሻ ጋር ተዳቀለ። ቤል ከትዊድ ወንዝ ዳርቻ የመጣች፣ የትዊድ ውኃ ስፓንያል የተባለ ዛሬ የጠፋ ወገን ናት። በ1868 ቢጫ ቡችሎች ወለዱ፤ ስማቸው ክሮከስ፣ ካውስሊፕ፣ ፕሪምሮዝና አዳ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአበባ ስሞች ናቸው፤ ክረምት ሲወጣ ምድሩን የሚያለብሱት የዚያ አገር አበቦች። እኔ በዚያ ብኖር አንዷን አደይ በሏት ብዬ በለመንኩ ነበር። አዳ ለኢልቼስተር ኧርል ተሰጠች። ካውስሊፕ ደግሞ በጊሳካን ቀርታ የዘሩ ዋና ግንድ ሆነች፤ ከእርሷ ወዲህ ሌላ የትዊድ ስፓንያል፣ ቀይ ሴተርና ጥቁር ሪትሪቨሮች በየጊዜው እየተጨመሩ፣ ቢጫው እየተመረጠ እስከ 1890 ድረስ መዝገቡ ቀጠለ። በመጨረሻ የተመዘገቡት ቢጫ ቡችሎች በ1889 የተወለዱት ሁለቱ ናቸው። ስማቸው ፕሪምና ሮዝ ነው፤ የጥንቷን የፕሪምሮዝን ስም ለሁለት ከፍለው ሰጧቸው። ከሃያ ዓመት በፊት የሞላውን ገጽ ያልረሳ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ሎርዱ በ1894 ሞቱ፤ መዝገቡም ከቤተሰቡ ዘንድ ተቀመጠ። በውጭ ግን ሌላ ወሬ ይነገር ነበር። ኮሎኔል ለ ፑር ትሬንች የተባሉ፣ ከጊሳካን የተገኙ ቢጫ ውሾች የሚያረቡ ሰው የነገሩት ታሪክ ይህ ነው፦ ሎርዱ በብራይተን አንድ የሩስያ ሰርከስ ሲመለከቱ ትርኢት በሚያሳዩ ቢጫ ውሾች ተደነቁ፤ ባለቤቱ ቡድኑን መበተን አልፈልግም ቢላቸው ሁሉንም በአንድነት ገዟቸው፤ የካውካሰስ ተራሮች ዘር ናቸው። እንዴት ያለ ያማረ ታሪክ ነው! ሰርከስ አለበት፣ ሩስያ አለበት፣ የሩቅ ተራራ አለበት። መጻሕፍት ጻፉት፤ ለተወሰነ ጊዜም የኮሎኔሉ ውሾች የሩስያ ቢጫ ሪትሪቨር በሚል ስም ተመዘገቡ። ሰው ለውሻውም እንኳ ከሩቅ አገር የመጣ አባት ይፈልጋል። የዘር ሐረግ ቆጠራ ለእኛም እንግዳ ስላልሆነ በእንግሊዞቹ ላይ ብዙ አልስቅም።

እውነቱ የወጣው በ1952 ነው። ወይዘሮ ኤልማ ስቶኔክስ የተባሉ የዘሩ አርቢና ተመራማሪ ከስድስተኛው የኢልቼስተር ኧርል ጋር ሆነው መዝገቡን መረመሩ፤ ይዘቱም በዚያ ዓመት በካንትሪ ላይፍ መጽሔት ታተመ። የሩስያ ሰርከስ የሚል ቃል በመዝገቡ የለም። ያለው ብራይተን፣ የቺቼስተር ሎርድ ዘር፣ ሰኔ 1864 የተወለደ፣ የሚል ደረቅ ቃል ነው። ለብዙ ዓመታት የኖረ ወሬ በአንድ መስመር ቀለም ፈረሰ። በዚህ ላይ የሙያ ኩራቴን መደበቅ አልችልም።

ሆኖም መዝገብ የሚናገረው የተጻፈበትን ብቻ ነው። የዘር መዝገብ አባትና እናትን ይነግረናል፤ ቡችላውን ከውኃ ጋር ማን አስተዋወቀው፣ የመጀመሪያዋን ወፍ ሲያኝክ ማን አስተወው፣ ይህን አይነግረንም። ያንን ያደረጉት በየርስቱ ተቀጥረው የሚኖሩ አደን ጠባቂዎች ናቸው። ከጎህ እስከ ምሽት በጭቃ የሚመላለሱ፣ የሚያውቁትን በወረቀት ለማስፈር ጊዜም ልማድም ያልነበራቸው ሰዎች። የሥልጠናው ታሪክ ከዘሩ ታሪክ ይልቅ ጨለማ የሆነብን ለዚህ ነው።

በዚያ ዘመን እንግሊዞች የአደን ውሻ ማሠልጠንን ውሻ መስበር ይሉት ነበር። ዊልያም ሃቺንሰን የተባሉ የጦር መኮንን በ1848 ያሳተሙት ዝነኛ መጽሐፍ ርእሱ ይኸው ቃል ነው፤ ውስጡ ግን ከርእሱ ይለያል። ሃቺንሰን ጅራፍ የሚበዛበትን ልማድ የሚነቅፉ፣ ትዕግሥትንና ሽልማትን የሚያስቀድሙ፣ ድምፅን ከፍ ከማድረግ ይልቅ በእጅ ምልክት መናገርን የሚመክሩ ሰው ነበሩ። በእኛ ቋንቋ ፈረስና በቅሎ ይገራል እንጂ አይሰበርም፤ ሃቺንሰን አማርኛ ቢያውቁ ርእሳቸውን በለወጡት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሥልጠናው የሚጀምረው በመስክ አይደለም፤ በቤት ኮሪደር ነው። ግራና ቀኝ ግድግዳ፣ ከኋላ የተዘጋ በር። የተጠቀለለ ካልሲ ይወረወራል፤ ቡችላው ሮጦ ያነሣል፤ የሚመለስበት መንገድ አንድ ብቻ ስለሆነ ወደ ሰውየው ይመጣል። ሰውየው ወዲያው አይነጥቀውም። ይህ ትልቅ ምሥጢር ነው። ያመጣውን ሁልጊዜ የሚነጠቅ ቡችላ ከሰው መራቅን ይማራል፤ ስለዚህ ካልሲው በአፉ እንዳለ ይደባበሳል፣ ይመሰገናል፣ ከዚያ በለሆሳስ ይቀበሉታል። ጥቂት ጊዜ ብቻ ይደገማል። ጨዋታው ሳይሰለቸው ማቆም ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው መቀመጥ ነው፤ ከማምጣት ይልቅ አለማምጣት ይከብዳልና። በሸራ የተሰፋ ማሠልጠኛ ይወረወራል፣ ውሻው ግን ስሙ እስኪጠራ ከጌታው እግር አጠገብ ቁጭ ይላል። አሠልጣኙ ብዙውን ጊዜ ውሻውን አስቀምጦ ራሱ ሄዶ ያነሣዋል። የወደቀ ነገር ሁሉ የእርሱ እንዳልሆነ ይማር ዘንድ። ወፍ እየወደቀ፣ ጠመንጃ እየተኮሰ፣ ሌላ ውሻ እየተላከ ሳይንቀሳቀስ የሚጠብቅ ውሻ፣ በዚህ ሙያ ግማሹን መንገድ ተጉዟል።

ከዚያ ዓይን ይሠለጥናል። ረዳት ሰው በሩቅ ቆሞ ድምፅ አሰምቶ ይወረውራል፤ ውሻው የወደቀበትን ሥፍራ በዓይኑ ይመዘግባል። በመጀመሪያ በአጭር ሣር፣ በቅርብ፤ ቀስ በቀስ በረጅም ሣር፣ ቦይ አሻግሮ፣ ነፋስን ከጎን አድርጎ። ኋላም ሁለት ሦስት ወፍ በተለያየ አቅጣጫ ይወድቅና ሁሉንም በየተራ እያስታወሰ ማምጣት ይኖርበታል። ውኃ የራሱ ፈተና አለው። ኩሬው ማዶ ለወደቀው ወፍ ብልኅ ውሻ በዳር ዞሮ መሮጥን ይመርጣል፤ እግር ከዋና ይፈጥናልና። በአሜሪካ የውድድር ሜዳ ግን ይህ ማጭበርበር ይባላል። ዳሩን ተከትሎ የሚሮጥ ውሻ የወደቀበትን መስመር ይስታል፤ በመስመሩ የሚዋኝ ግን በቀጥታ ይደርሳል። አቋራጩን የሚያውቅ ውሻ አቋራጩን እንዲተው ማስተማር ወራት ይፈጃል።

ስለ አፍም ልናገር። በሙያው ቋንቋ ለስላሳ አፍና ጠንካራ አፍ የሚባል አለ። በውድድር ላይ ዳኛው የመጣለትን ወፍ ተቀብሎ ጎንና ጎኑን በጣቱ ይዳብሳል፤ የጎድን አጥንቱ የተሰባበረና ጥፋቱም የውሻው ጥርስ መሆኑ ከታወቀ ውሻው ይወገዳል። ይግባኝ የለውም። አንዳንድ የጥንት አሠልጣኞች ጠንካራውን አፍ ለማረም በወፉ ውስጥ ሹል ብረት እየሰኩ ውሻውን ያሲዙት ነበር፤ ሲነክስ ይወጋዋል። ዘዴው ብዙ ጊዜ ያተረፈው ወፍ የሚጠላ ውሻ ነው። ለስላሳ አፍ በአብዛኛው የሚወረስ መሆኑን አርቢዎች ስለተረዱ መቅጣቱን ትተው መምረጥን ያዙ።

የሪትሪቨሮች የመስክ ውድድር በእንግሊዝ የተጀመረው በ1899 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዳኞች የሚያደንቁት በራሱ አፍንጫ የሚሠራን ውሻ ነበር፤ ውሻውን መላክ፣ ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ። ይህንን የለወጡት አርቺባልድ በተር የተባሉ የስኮትላንድ ባለርስት ናቸው። በስኮትላንድ ኮረብታዎች እረኞች ሩቅ ያለን ውሻ በፉጨትና በእጅ ምልክት ግራና ቀኝ ሲነዱ በተር አዩ። የበግ ጠባቂው ውሻ ይህን ከቻለ የአደኑ ውሻ ለምን አይችልም አሉ። ፒተር ኦቭ ፋስካሊ የተባለውን ላብራዶራቸውን በዚህ መንገድ አሠልጥነው በ1911 ዋናውን የሪትሪቨሮች ሻምፒዮና አሸነፉ። ፊሽካ አንድ ጊዜ ሲነፋ ውሻው ሩቅ ሳለ ዞሮ ይቀመጣል፣ ሰውየውን ያያል፤ እጅ ወደ ቀኝ ሲዘረጋ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ሲነሣ ወደፊት ይሄዳል። እረኛ ሆኖ ያደገ አንባቢ የበተር ግኝት ከእረኛ የተወሰደ መሆኑን ሲያነብ ደስ ሳይለው አይቀርም።

ከዚህ የመጣው ወፉ ሲወድቅ ላላየ ውሻ የሚሰጠው ሥራ ነው። ሰውየው ያውቃል፣ ውሻው አያውቅም። ከጎኑ ይቀመጣል፤ ሰውየው መዳፉን ከጭንቅላቱ አጠገብ እንደ አቅጣጫ ጠቋሚ ይዘረጋል፤ ውሻው ባዶ ወደሚመስለው ሜዳ በቀጥታ ይፈተለካል፣ እስኪቆም ካልታዘዘ አይቆምም። ለዚህ የሚያበቃው ልምምድ ቀላል ይመስላል። በመስክ መካከል ውሻው ይቀመጣል፤ በግራው፣ በቀኙና ከኋላው ማሠልጠኛዎች ይደረደራሉ፤ በእጅ የታዘዘውን ብቻ ያመጣል። ከዚያም ዓይኑ እያየ የተጣለው ይተዋል፣ ያላየው እንዲያመጣ ይታዘዛል። በዚህ ሰዓት ነው ውሻው የገዛ ዓይኑንና የሰውየውን እጅ የሚያመዛዝነው። አፍንጫው ደግሞ ሰውየው የማያውቀውን ያውቃል፤ የቆሰለው ፌዛንት ከወደቀበት ሸሽቶ ከሆነ ትክክሉ ውሻው ነው። ጥሩ አሠልጣኝ በዚያን ጊዜ ፊሽካውን ከከንፈሩ ያወርዳል። መቼ ማዘዝ፣ መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ የሚያስተምር መጽሐፍ አላገኘሁም።

ጥበቡ ውቅያኖስ የተሻገረው በ1930ዎቹ ነው። የኒውዮርክ ባለጸጎች የስኮትላንድ ላብራዶሮችን ከነ አሠልጣኞቻቸው አስመጡ፤ ከእነዚህ አንዱ ዴቭ ኤሊየት የእጅ ምልክቱን ዘዴ በአሜሪካ ካስተዋወቁት ይቆጠራሉ። የመጀመሪያው የላብራዶር ውድድር በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር በ1931 ተደረገ። በኋላ በሞስኮ አምባሳደር የሆኑት አቬረል ሃሪማን ውሻ የነበረው ብላይንድ ኦቭ አርደን በታኅሣሥ 1938 በላይፍ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። በ1941 የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮና ያሸነፈው ግን የእነካውስሊፕ ወገን የሆነ ቢጫ ሪትሪቨር ነው፤ ኪንግ ሚዳስ ይባል ነበር። ከሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ኪንግ ባክ ነው። በ1952 እና በ1953 ሁለት ጊዜ ብሔራዊ ሻምፒዮን የሆነ ጥቁር ላብራዶር ሲሆን፣ የአሜሪካ መንግሥት ዳክዬ አዳኞች ሁሉ እንዲገዙ በሚያስገድደው የ1959 ቴምብር ላይ ዳክዬ በአፉ ይዞ ተሣለ። የቴምብሩ ገንዘብ ለወፎች መኖሪያ ረግረግ መግዣ ይውላል። ውሻው የተመረጠውም የቆሰለ ወፍ ጠፍቶ እንዳይቀር ስለሚያደርግ ነው።

ከ1960ዎቹ ወዲህ በአሜሪካ ሥልጠናው ላይ ኤሌክትሪክ ገባ። በአንገት ላይ የሚታሠር፣ ከሩቅ በሬዲዮ የሚነካ ቀበቶ ነው። በካሊፎርኒያ የነበሩት ሬክስ ካር የተባሉ አሠልጣኝ በዚህ መሣሪያ ሥርዓት ያለው የአሠራር ስልት አበጁ፤ በአሜሪካ ትልልቅ ውድድሮች የሚታየው ሩቅና ቀጥተኛ ሩጫም ያለ እርሱ የሚደረስበት አይደለም የሚሉ ብዙ ናቸው። ዌልስ በ2010 መሣሪያውን በሕግ ከለከለች። እኔ በዚህ ነገር ከሃቺንሰን ጋር ነኝ። በብሪታኒያ ያለዚህ ቀበቶ የሠለጠኑ ውሾች በየዓመቱ ሻምፒዮን ሲሆኑ እያየሁ፣ ያለ ንዝረት አይሆንም የሚለውን ቃል ለመቀበል ይከብደኛል። ውድድሩ ሩቅ ስለሆነ ነው ይላሉ። እንግዲያው ርቀቱን ማን አበዛው?

በመጨረሻ አንድ አዲስ ነገር ላክል። በ2016 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን ላብራዶሮች ለምን ምግብ እንደማይጠግቡ ሲያጠና ፖምክ በሚባል ጂን ላይ የጎደለ ክፍል አገኘ። ይህ ጂን ሆድ ሲሞላ ለአእምሮ በቃ የሚለውን መልእክት ለመሥራት የሚረዳ ነው። ከአንድ መቶ ላብራዶሮች በሃያ ሦስቱ ላይ ጉድለቱ ተገኘ፤ ከሌሎቹ የውሻ ወገኖች መካከል የተገኘው ፍላት ኮትድ በሚባለው የቅርብ ዘመዱ ላይ ብቻ ነው። ጉድለቱ ያለበት ውሻ ይበልጥ ይወፍራል፣ ምግብም ይበልጥ ይለምናል። ይህ ብቻ ቢሆን ባላስገረመ። ተመራማሪዎቹ ዓይነ ስውራንና አካል ጉዳተኞችን ለመርዳት ተመርጠው የሠለጠኑትን ላብራዶሮች ሲመረምሩ ግን ጉድለቱን ከአንድ መቶ በሰባ ስድስቱ ላይ አገኙት። ምክንያቱ ምናልባት በምግብ ሽልማት ይበልጥ ስለሚማሩ ይሆናል ብለው ገምተዋል።

እንግዲህ ይህ ፍጥረት ያን ርኃብ ተሸክሞ፣ ገና የሚሞቀውን ዳክዬ በአፉ ይዞ ከውኃው ይወጣል። ሊያራግፍ ቢፈልግም አያራግፍም፤ ውኃው ከጆሮው እየተንጠባጠበ ይመጣል፣ ከሰውየው ፊት ይቀመጣል፣ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኑን ያያል። ሰውየው እጁን ከወፏ በታች አድርጎ አንዲት ቃል ሲናገር፣ ያኔ አፉን ይከፍታል።